በሰው ስንቅ

ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ሰፈር ውስጥ አብሬያቸው ቡና የምጠጣቸው ሰዎች በብዙ ነገር አይስማሙም። ስለ እኔ የጽሑፍ ሕይወት ግን አቋማቸው አንድ ነው፤ አውሮፓ መሄድ አለብኝ። «ጋሼ፣ ፓሪስ ሁለት ወር ቢቀመጡ እኮ መጽሐፉ ራሱ ይወጣል» ይለኛል፣ ብርድ ልብስ ቆጥሮ ወደ ሎኬሽን፣ ወደ ጥቁሮቹ ሰፈር፣ የሚጭን ልጅ። እሱ ቀን ሙሉ በዱቤ ሲሸጥ ይውላል፤ እኔ ደግሞ ማታ ማታ እጽፋለሁ። በእሱ እምነት፣ ጆሃንስበርግ የተጻፈ ነገር ከጆሃንስበርግ አይወጣም።

ቪዛው ይቅር። እዚህ አብዛኞቻችን ኪስ ውስጥ ያለው አሳይለም የምንለው የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው፤ እሱን ይዞ ያለፈቃድ ከአገር የወጣ ሰው ወረቀቱ ዋጋ ያጣበታል። የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። የአማርኛ ጸሐፊ አውሮፓን ካልረገጠ አይበስልም የሚለውን ሐሳብ ማን ጀመረው?

ክሩን ይዤ ወደ ኋላ ስሄድ ዘጌ ላይ ደረስኩ። የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በምኒልክ ዘመን ወደ ጣሊያን የተላኩት ሥዕል እንዲማሩ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ፈለገ፤ ያገኘው ግን ደራሲ ነው። ኋላ ኔፕልስ ላይ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖሩና በ1908 እ.ኤ.አ. ዛሬ «ጦቢያ» የምንለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ሮም አሳተሙ። ታሪኩ ውስጥ ሮም የለችም። የተማረከ የጦር አዛዥ አለ፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጅ አለች፣ ቸር ነጋዴ አለ፤ ማካሮኒ የሚበላ ግን አንድም ሰው የለም። በዚያው ዓመት፣ እዚያው ሮም፣ የመንገደኛ መምሪያም አወጡ። በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተዘጋጀ፣ ወደ ሐበሻ ለሚመጣ ፈረንጅ የሚሆን መጽሐፍ ነው። አውሮፓ የደረሰው የመጀመሪያው ልብ ወለድ ጸሐፊያችን አውሮፓን ለእኛ ሳይሆን እኛን ለአውሮፓ አስጎበኙ ማለት ነው። ይህን ለብርድ ልብስ ሻጩ ስነግረው «እሳቸው ስንት ተከፈላቸው?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አውሮፓን በወጉ አይተው በወጉ የጻፉልን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1911 ለንደን ለጆርጅ አምስተኛ የንግሥ በዓል ከተላኩት አንዱ ነበሩ። በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪን ተከትለው ከኢየሩሳሌም እስከ ስቶክሆልም ዞሩ። ለስጦታ የሚሆኑ አንበሶች አብረው ተጓዙ፤ መቼም በመርከብ ከአንበሳ ጋር የሄደ ሰው የሚጽፈው አያጣም። የዚያ ጉዞ መጽሐፍ «ደስታና ክብር» ይባላል። አርዕስቱን ልብ ይሏል፤ የእንግዳ አርዕስት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ «አዲስ ዓለም» የሚለውን ልብ ወለድ ሲጽፉ ጀግናቸውን አወቀን ፓሪስ ልከው አስተማሩት። ታሪኩ የሚሞቀው ግን ፓሪስ ላይ አይደለም። አወቀ ተመልሶ አባቱ ሲሞቱ ተዝካር አልደግስም ብሎ ከዘመድ ጋር ሲጣላ ነው።

ኅሩይ በ1936 እንደገና አውሮፓ ገቡ፤ አሁን አንበሳም ግብዣም የለም። ጣሊያን ስትወረን ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደዱና በ1938 እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ አረፉ። ሜይፌር ላይ ይህን ክፍል ማብራራት አያስፈልግም፤ ሁሉም ገብቶት ዝም ይላል።

ከዚያ ሐዲስ ዓለማየሁ አሉ። የመጀመሪያው የአውሮፓ ጉዟቸው ሙሉ ወጪ በጣሊያን መንግሥት ተሸፍኗል፤ የጦር ምርኮኛ ሆነው ነው የተወሰዱት። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በለንደን አምባሳደራችን ነበሩ። ኤምባሲው ከሃይድ ፓርክ በስተደቡብ ነው፤ ፓርኩን በምሥራቅ የሚያዋስነው ደግሞ ዋናው ሜይፌር፣ ለእኛ ሰፈር ስሙን ያዋሰው የባለጸጎች መንደር። የእኛው ሜይፌር የነጭ ወዛደሮች ሰፈር ነበር፤ ቀጥሎ ህንዶች፣ ከዚያ ሶማሌዎችና እኛ ገባንበት፤ እስከ ዛሬ አንድም ሎርድ አላየሁበትም። አምባሳደሩ ከለንደን አገልግሎታቸው በኋላ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ማንኩሳና ዲማ እንጂ ኦክስፎርድ ጎዳና የለበትም።

ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ይባስ። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ኤክስ አን ፕሮቫንስ፣ ሠዓሊዎች ለብርሃኑ ሲሉ የሚጎርፉበት ከተማ ተቀምጦ የጻፈው ስለ አዲስ አበባው ውቤ በረሃ ሌሊት ነው። «ሌቱም አይነጋልኝ» በ2004 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ወጣ። ፈረንሳዮቹ ብርሃናቸውን አሳይተውት እሱ ጨለማችንን መለሰላቸው።

እንግዲህ ወደ ብርድ ልብስ ሻጩ ጥያቄ። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም «ልጻፍ» ብለው ትኬት አልቆረጡም። አንዱን ቤተ መንግሥት ለቀለም ላከ፣ አንዱን ዘውድ አስከተለ፣ አንዱን ጠላት ማረከ፣ አንዱን ትምህርት ወሰደ። ሁሉም የሄዱት በሰው ስንቅ፣ ለሰው ጉዳይ ነው፤ መጽሐፉ ከጉዳዩ የተረፈ ነው። እኛ ቀሪዎቹ የተረፈውን አይተን ዋናው እሱ መሰለን። አውሮፓ የሰጠቻቸው ጠረጴዛ፣ ቀለብና ከአገር መራቅ ነው። መራቁ ከሆነ ሜይፌርም ሩቅ ነው። ጠረጴዛም አለኝ። የጎደለኝ ቀለቡ ነው።

ሰሞኑን ታዲያ የራሳችንን ጉዞ ልጻፍ ብዬ ከሆሳዕና የመጣ አንድ ልጅ አጠገቤ አስቀመጥኩ። በእግር፣ በጭነት መኪናና በጀልባ ነው የመጣው።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አልኩት።

«ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ ከዚያ ገባሁ።»

«ማላዊ እንዴት ነበር?»

«እስር ቤት ነበርኩ፤ ባቄላ ይሰጡናል።»

«ሞዛምቢክስ?»

«ሌሊት ስለነበር አላየሁትም።»

ደብተሬ ላይ ባቄላ ብዬ ጻፍኩ። ልጁ ቀና ብሎ አነበበና አዘነልኝ። «ጋሼ፣ ይሄን የሚያነበው ማን ነው? ሁሉም ያውቀዋል እኮ» አለኝና ዕቃ የሚጭንለት መኪና መጥቶ ስለነበር ተነስቶ ሄደ።