ቮልሷን ልግዛ ወይስ ሰርቪስ ቤቱን ልሥራ?

ሌላ አገር መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል አሉ። እኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አሮጌ መኪና ትገዛለህ፣ አምስት ዓመት ትነዳለህ፣ ቀለሙን አስፍቀህ ወንበሩን አስቀድደህ ከገዛህበት በላይ ትሸጠዋለህ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ክንዱን አበረታ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። ከዚያ ወዲህማ ግቢው ውስጥ ሣር የበቀለበት መኪና ያለው ሁሉ ሀብታም ሆኗል። ደላላ በር እያንኳኳ “እማማ፣ ያቺን የቆመች ነገር አይሸጧትም?” ይላል።

እኔንም ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳችኝ እንዲህ ያለች አንዲት የቆመች ነገር ናት። ቮልስ! የ1969 ሞዴል፣ ባለ 1300። ድሮ ነጭ ነበረች፤ አሁን ቀለሟ ምን እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል።

አሜሪካኖቹ እኔ ዕድሜ ላይ ሲደርሱ የሚይዛቸው አባዜ ሙስታንግ ነው አሉ። ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ጋራዥ ውስጥ ዘርግፈው ቅዳሜና እሁዳቸውን በግራሶ ሲለወሱ ይከርማሉ። የኛዋ ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ ያላት 40 የፈረስ ጉልበት ነው። እሷንም ቢሆን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የአዲስ አበባ ስስ አየር ሸራርፋ ነው የምትሰጥህ። ግን በልጅነቴ በሰፈራችን መኪና ማለት ቮልስ ነበረች። የሳይንስ አስተማሪያችን ቮልስ ነበራቸው። ድምጿ ከሩቅ ሲሰማ ኳሳችንን ይዘን ጥጋችንን እንይዛለን። ሙስታንግን እኔ የማውቀው በፊልም ነው፤ በፊልም ያየሁትን ነገር ደግሞ አልናፍቅም።

የመኪናዋ ባለቤት አንዲት በዕድሜ የገፉ ወይዘሮ ናቸው። ባለቤታቸው እስኪያርፉ ድረስ ሥራ የሚመላለሱባት በሷ ነበር። ከዚያ ወዲህ 11 ዓመት ሸራ ለብሳ ጽዱ ሥር ቆማለች። ሴትየዋ የወራሽነት ማረጋገጫውን ከፍርድ ቤት አውጥተዋል፤ ወረቀቱ ሁሉ ንጹሕ ነው። ገዢ ግን እኔ ብቻ አይደለሁም። ሌላኛው ሰውዬ በሮቿን፣ ኮፈኗንና መስታወቶቿን ነው የፈለገው። ሊያራርዳት ነው ማለት ነው። የሚሰጣቸውም ገንዘብ ከኔ ትንሽ ይበልጣል። ወይዘሮዋ ቡና እየቀዱልኝ፣

“አንተስ ልጄ፣ ትነዳታለህ ወይስ ትቆራርጣታለህ?” አሉኝ።

“መካኒክ ሳላሳይ አልመልስልዎትም” አልኳቸው።

የወሰድኳቸው መካኒክ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቮልስ የሠሩ ሰው ናቸው። እኔ ወደ ሞተሩ ሳሳያቸው እሳቸው በቀጥታ ሄደው የኋላውን ወንበር አነሱ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል። አሲዱ ለዓመታት እየተንጠባጠበ ወለሉን ይበላዋል። ካቻቢቴውን ጫን ሲያደርጉት ላሜራውን በስቶ ወረደ። በቀዳዳው አጎንብሼ ሳይ ሣሩ ታየኝ። ከዚያ በበሮቹ ሥር ወደ ሄዱት ቦዮች ዞሩ። ቦዮቹ ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር የሚያልፍባቸው ብቻ ሳይሆኑ አካሏን የተሸከሙ ናቸው። ከኪሳቸው ማግኔት አውጥተው ጎን ጎኗን ሞከሩ፤ የያዘበት ብረት ነው፣ የወደቀበት ስቱኮ ነው። በግራ በኩል ሦስት ቦታ ወደቀ።

“ሞተሩስ ጋሼ?” አልኳቸው።

“ሞተሩን ተወው! በ4 ብሎን ነው የተያዘው፤ ከምሳ በፊት አወርደዋለሁ። ውሃ የለው፣ ራዲያተር የለው፣ በነፋስ ነው የሚበርድ። ቺንጊያው እንዳይበጠስ ብቻ መጠበቅ ነው፤ ዲናሞውንም ነፋስ ሰጪውንም የሚያዞረው እሱ ነው። ቀይ መብራት በርቶ ‘ትንሽ ልሂድባት’ ያለ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል። የዚህች በሽታ ግን ላሜራው ነው። ዋጋው መኪናዋን ከምትገዛበት አይተናነስም።”

እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው ነው። አንድ መኪና በሁለት መኪና ዋጋ። መለዋወጫስ? የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ስለዚህ ዕቃዋ ውጭ አገር አሁንም ይመረታል። እዚህ ግን መጀመሪያ ሶማሌ ተራን ማሰስ ነው፤ ከጠፋ ደግሞ ሻንጣው ውስጥ ቦታ የተረፈው ዘመድ እስኪመጣ መጠበቅ። አሮጌ መኪና ማደስ ኢንቨስትመንት ነው የሚላችሁን ሰው አትመኑት። የሚያተርፈው ቆራርጦ የሚሸጠው ነው።

ባለቤቴ ሒሳቡን ከኔ ቀድማ ጨርሳዋለች። ገንዘቡ የተጠራቀመው ጓሮ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ለመሥራት ነው። “ሰርቪስ ቤቱ በየወሩ ኪራይ ያመጣል። ቮልሷ በየወሩ ምን ታመጣለች?” አለችኝ። ምን እመልሳለሁ? የምታመጣው ወጪ ነው። ሁለት ልጆች እያስተማርን፣ ጤፍ በዚህ ዋጋ እየተሸመተ፣ ሚስቴ ትክክል ናት።

ነገር ግን መካኒኩ ግቢውን ሲወጡ የተናገሩት ነገር ከጆሮዬ አልጠፋም። ድሮ በሳቸው አካባቢ ቮልስ ብቻ የሚሠሩ ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ አሁን እሳቸውና አንድ ጓደኛቸው ቀርተዋል። “ልጆቹ ኮምፒውተር የሚሰካበትን መኪና ነው የሚወዱት፤ አልፈርድባቸውም፣ እንጀራቸው እዚያ ነው” አሉና፣ “የምታሠራት ከሆነ ግን ዘንድሮ አሠራት። ዓይኔ እየደከመ ነው” አሉኝ።

ሰርቪስ ቤቱን የሚሠራ ግንበኛ የዛሬ አምስት ዓመትም አላጣም። ሲሚንቶው ይወደድብኝ ይሆናል እንጂ አይጠፋም። የቮልሷን ቫልቭ በጆሮው አዳምጦ የሚያስተካክል ሰው ግን የዛሬ አምስት ዓመት የት ይገኛል? ይህን ለባለቤቴ ነገርኳት። ስሜት እንጂ ሒሳብ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ሦስት ቀን ዝም አለች። በአራተኛው ቀን ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ከሁለቱ ክፍል አንዱ ይሠራል፤ ሁለተኛው ይቆያል። ላሜራው ከተቆረጠለት በጀት አንድ ብር ካለፈ መኪናዋ በላስቲክ ተሸፍና ትጠብቃለች።

ለወይዘሮዋ ደውዬ “እነዳታለሁ” አልኳቸው። እሳቸውም ከሰውዬው ያነሰውን ዋጋዬን ተቀበሉ። የባለቤታቸውን የቁልፍ ማንጠልጠያ ብቻ አስቀርተው ቁልፉን ሰጡኝ። ጎታች መኪና ለቅዳሜ ቀጥሬያለሁ።

ባለቤቴ ወረቀቱን ከመፈረሟ በፊት አንድ ነገር ጨምራበታለች፦ ሊብሬው የሚዞረው በሷ ስም ነው።