ዋንጫና ገንዘብ

በእንግሊዝ አገር የሚደረገውን የእግር ኳስ ውድድር የማይከታተል ወጣት በከተማችን ጥቂት ነው። የክፍል ጓደኞቼ ቅዳሜና እሑድ ያዩትን ጨዋታ ሰኞ ጧት ሳያወሩ ደብተራቸውን አይገልጡም። በቤታችንም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ አባቴ አርሴናልን፣ ታላቅ ወንድሜ ማንቸስተር ዩናይትድን፣ ታናሽ እኅቴ ደግሞ ማንቸስተር ሲቲን ይደግፋሉ። ክርክሩ በበረታ ጊዜ አባቴ «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለውን ተረት ጠቅሰው ነገሩን ይዘጉታል።

እኔ ግን ይህ አባባል ያሳስበኝ ነበር። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ባለገንዘብ ብቻ ከሆነ፣ ከድሃ ቤት ወጥቶ ለሚማር ልጅ ጨዋታው ምን ያስተምረዋል? ስለዚህ የውድድሩን ታሪክ ከመነሻው ጀምሬ ተመለከትሁ፤ የተረዳሁትንም ለአንባብያን ላካፍል እወዳለሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ዘመን የእግር ኳስ ጌቶች የመኳንንትና የባለጠጎች ልጆች ነበሩ። ኢተን ከሚባለው ዝነኛ ትምህርት ቤት የወጡ ሰዎች ያቋቋሙት ኦልድ ኢቶኒያንስ የተባለ ቡድን በ1879 እና በ1882 የኤፍ ኤ ዋንጫን ወሰደ። ነገር ግን በ1883 በፍጻሜው ጨዋታ ብላክበርን ኦሊምፒክ የተባለ፣ አብዛኞቹ ተጫዋቾቹ ሠራተኞች የሆኑ ቡድን 2 ለ 1 አሸነፈው። ከዚያ ወዲህ ዋንጫው ወደ ኢተን ልጆች አልተመለሰም።

በ1888 ደግሞ 12 ክለቦች ሊግ አቋቋሙ። ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ በመጀመሪያው ውድድር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ፤ በሁለተኛውም ደገመ። ይሁን እንጂ ከ1890 በኋላ ያን ክብር ዳግመኛ አላገኘም። ሀደርስፊልድ ታውንም ከ1924 እስከ 1926 ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ፤ አሠልጣኙ ኸርበርት ቻፕማን ግን በ1925 ወደ ለንደን ሄዶ አርሴናልን አጠነከረ። አርሴናል በ1930ዎቹ ዓመታት አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ሀደርስፊልድ የቀድሞ ቦታውን አጣ።

ከዚያም ተራው የሌሎች ሆነ። ሊቨርፑል ከ1973 እስከ 1990 ድረስ 11 ጊዜ አሸነፈ። ማንቸስተር ዩናይትድ በአሌክስ ፈርጉሰን ዘመን ከ1993 እስከ 2013 ድረስ 13 ጊዜ ነገሠ። በ2003 ሩሲያዊው ባለጠጋ ሮማን አብራሞቪች ቼልሲን ገዛ፤ በ2008 ማንቸስተር ሲቲ በአቡዳቢው ሼክ መንሱር ሀብት ሥር ገባ፤ ከ2021 እስከ 2024ም አራት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ ከእርሱ በፊት ማንም ያልሠራውን ሠራ። ይህ ክለብ በ1998 ወደ ሦስተኛው ደረጃ ወርዶ እንደ ነበር ለእኅቴ ብነግራት «ቀለድህብኝ» ብላ ተቆጣች። ማንቸስተር ዩናይትድም በ2025 15ኛ ሆኖ ሲጨርስ፣ በሰኞ ጧት ወሬ የታወቀው ወንድሜ ዝምተኛ ሆኖ ከረመ።

እንግዲህ የሀብታም ክለብ ዙፋን ቋሚ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ነገር ግን አንድ ሀብታም ወድቆ ሌላ ሀብታም ቢተካ ለትንሹ ምን ይጠቅመዋል? ትንሹ የሚነሣበት በር ሰፊ ወይም ጠባብ የሚሆነው በሕጉ መሆኑን የተረዳሁት ከዚህ በኋላ ነው።

ከ1901 ጀምሮ ለተጫዋቾች ደመወዝ ወሰን ተደርጎ ነበር፤ መጀመሪያ በሳምንት 4 ፓውንድ፣ በመጨረሻም 20 ፓውንድ ነበር። ይህ ሕግ ተጫዋቾቹን የሚበድል ስለ ነበረ በ1961 መሻሩ ተገቢ ነው፤ ወዲያውም የፉልሃሙ ጆኒ ሄንስ በሳምንት 100 ፓውንድ ተከፋይ ሆነ። ዳሩ ግን ሕጉ ሀብታም ክለብ ጥሩ ተጫዋቾችን ሁሉ በደመወዝ እንዳይሰበስብ ይከለክል ነበር። ደግሞም እስከ 1983 ድረስ በሊግ ጨዋታ ከመግቢያ ከሚሰበሰበው ገንዘብ እንግዳው ቡድን ድርሻውን ይወስድ ነበር። በዚያ ዘመን በ1960 የትንሽቱ ከተማ ክለብ በርንሊ፣ በ1962 በከፍተኛው ዲቪዚዮን የመጀመሪያ ዓመቱ የነበረው ኢፕስዊች ታውን ሻምፒዮን ሆኑ። ከ1959 እስከ 1972 ባሉት 14 ውድድሮች 11 ልዩ ልዩ ክለቦች አሸንፈዋል።

በ1992 ታላላቆቹ ክለቦች ተለይተው ፕሪሚየር ሊግን አቋቋሙ፤ ከቴሌቪዥን የሚገኘውንም ገንዘብ በአብዛኛው ለራሳቸው አደረጉ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ በተደረጉት 33 ውድድሮች ሻምፒዮን የሆኑት ሰባት ክለቦች ብቻ ናቸው። በ2016 ሌስተር ሲቲ በማሸነፉ ዓለም ሁሉ የተደነቀው በሩ እጅግ ስለ ጠበበ ነው።

በ2021 ስድስት የእንግሊዝ ክለቦች በሩን ጨርሰው ሊዘጉት ፈለጉ፤ ከሌሎች የአውሮፓ ሀብታሞች ጋር ሆነው፣ ከመሥራቾቹ መካከል ማንም የማይወርድበት ሱፐር ሊግ እንደሚያቋቁሙ አስታወቁ። ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የገዛ ደጋፊዎቻቸው በየስታዲየሙ ደጅ ተሰብስበው ስለ ተቃወሙ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱም ሐሳባቸውን ለወጡ።

ስለዚህ ለአባቴ የምሰጣቸው መልስ ይህ ነው፤ ገንዘብ በእርግጥ መንገድ ይከፍታል፤ መንገዱ ለሁሉ እንዲሆን የሚያደርገው ግን ሕግና የሕዝብ ድምፅ ነው።

ይህ ነገር ለእንግሊዞች ብቻ የተነገረ አይደለም። በእኛም የክፍሎች ውድድር አንዱ ክፍል ወላጆች የገዙለትን ታኬታ አድርጎ ሲወጣ፣ ሌላው በሸራ ጫማ እየተንሸራተተ ይጫወታል። መምህራንና ወላጆች ቢፈቅዱልን፣ ለሁሉም ክፍል የሚያገለግል ታኬታና ኳስ የሚገዛበት አንድ የጋራ ሣጥን እናቋቁም። ያን ጊዜ የተሸነፈ ክፍል ቢኖር በጨዋታ ተሸነፈ እንጂ በገንዘብ ተሸነፈ አይባልም።