የግሸን መንገደኞችና የእኛ መክሊት

በየዓመቱ መስከረም አጋማሽ ካለፈ በኋላ የግሸን ማርያም ተጓዦች ጣርማ በርን ወርደው በሸዋሮቢት ያልፋሉ። ከደጋው ብርድ ተነሥተው የይፋት ቆላ ሙቀት ሲቀበላቸው ጋቢውን የሚያወልቀው፣ መስኮት የሚከፍተው፣ ውኃ የሚጠይቀው ብዙ ነው። እነሱን ባየሁ ቁጥር ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ትዝ ይሉኛል።

እሳቸውም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን የሄዱት ለመሳለም ነበር። ወሎ ተርቧል። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጠበል ነው፤ እሱኑ አካፈሉ። ወላጅ የሞተባቸውን ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ልጆቹ እየበዙ ሲሄዱ ቤተሰብ አልተቀበላቸውም፤ የሞቀ ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ 40 ዓመት ያህል በዚሁ ሥራ ጸኑ።

የእሳቸው መክሊት ይህ ነበር። እኛ ግን መክሊት ሲባል ቶሎ የሚታየን ድምፅ ያለው ዘማሪና አንደበተ ርቱዕ ሰባኪ ነው። እነሱን እግዚአብሔር ያቆይልን! ግን ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርት ገበሬስ? ባጃጅ ነጂውስ? ነርሷስ? ሒሳብ የሚችለው ተማሪስ? በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ግጭትና ጦርነት በይፋት ብዙ ቤት አፍርሷል፤ የሚያስጠናው የሚፈልግ ልጅ፣ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ያጣች እናት ሩቅ አይደሉም።

የሸዋሮቢት ልጆች፣ በዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ጎራ በሉ። እነዚህን ለመርዳት የምትችሉትን ሥራና የሚመቻችሁን ሰዓት ተናገሩ፤ ስማችሁንም አስመዝግቡ።