የቅዳሜ ምሽት በፎርት ማክመሪ

በካናዳ አገር፣ በአልበርታ ክፍለ ሀገር ሰሜናዊ ምድር፣ የአታባስካና የክሊርዋተር ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ ፎርት ማክመሪ የምትባል ከተማ አለች። ከኤድመንተን ተነሥቶ በጥድ ደን መካከል 435 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ይደርስባታል። በዚያ ምድር አሸዋው እንደ ቅጥራን ከወፈረ ዘይት ጋር ተለውሶ ስለሚገኝ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በታላላቅ መኪናዎች እየተዛቀ፣ በሙቅ ውሃ እየታጠበ ዘይቱ ይወጣለታል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ብርዱን ለመግለጽ ቃል ያጥረናል፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስበት ቀን የሰው ትንፋሽ በሽፋሽፍቱ ላይ በረዶ ይሆናል። እኛ ሁለት ወንድማማቾች ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኝ የሠራተኞች ካምፕ፣ በማእድ ቤቱ ውስጥ እየሠራን አንድ የብርድ ወራት አሳልፈናል።

ካምፑ ከመንደር ይልቅ መርከብን ይመስላል፤ መተላለፊያው ረጅም ነው፤ በግራና በቀኙ አንድ አንድ አልጋ ያላቸው ክፍሎች ተደርድረዋል። 14 ቀን ሠርቶ 7 ቀን ማረፍ ደንባችን ነበር። ሥራችንም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተጀምሮ ከቀኑ 9 ሰዓት ያበቃል።

ከእኛ ጋር ዳቦ ይጋግር የነበረው ባልንጀራችን የኒውፋውንድላንድ ተወላጅ ነው። ኒውፋውንድላንድ በካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለች ደሴት ስትሆን፣ ሕዝቧ ለብዙ ዘመን ኮድ በሚባለው ዓሣ ሲተዳደር የኖረ ነው። ዓሣው ከመጠን በላይ ተጠምዶ ሊያልቅ ስለ ተቃረበ መንግሥት በ1992 ዓ.ም. ማጥመዱን ከለከለ፤ 30 ሺህ ያህል ሰዎችም ሥራ ፈቱ። የባልንጀራችን አባት ጀልባቸውን ከባሕር አውጥተው ያሰሩት በዚያ ዓመት ነው። ልጃቸውም እንደ ብዙዎቹ የደሴቲቱ ልጆች እንጀራውን ፍለጋ ወደ አልበርታ መጣ።

ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን በማረፊያው አዳራሽ ያለው ቴሌቪዥን ለሆኪ ይከፈታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስናየው የራሳችን የገና ጨዋታ መሰለን፤ ጫፉ የተቆለመመው ዱላ፣ ሩጫውና ግፊያው ያው ነው። ነገር ግን በሜዳው ፈንታ የረጋ በረዶ፣ በሩሩ ፈንታ ፐክ የሚሉት ጠፍጣፋ ክብ ጎማ አለ፤ ተጫዋቾቹም በየወገኑ ስድስት ስድስት ሆነው ስለት ባለው ጫማ ይንሸራተታሉ። ጨዋታው 20 ደቂቃ እየሆነ ሦስት ጊዜ ይከፈላል። የተደባደበ ተጫዋች 5 ደቂቃ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶበት ይቀመጣል፤ ይህ ቅጣት ለጎልማሳ ሳይሆን ለሕፃን የተሠራ ይመስላል፤ ሆኖም ሁሉም ታዝዘው ይቀመጣሉ።

ባልንጀራችን የቶሮንቶን ቡድን የአገር ቤት ቡድን ይለዋል። ቶሮንቶ ከደሴቲቱ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለችና ነገሩ አስገረመን። ምክንያቱን ሲያስረዳን፣ በ1930ዎቹ ፎስተር ሂውወት የተባለው ታዋቂ የራዲዮ ተናጋሪ ከቶሮንቶ ጨዋታውን ሲያስተላልፍ፣ ገና ከካናዳ ጋር ያልተዋሐደችውን ኒውፋውንድላንድን በስሟ እየጠራ ሰላምታ ይሰጥ ነበር። ደሴቲቱ ከካናዳ ጋር የተዋሐደችው በ1949 ዓ.ም. ነው። በስሙ የጠራውን ሰው ማን ይረሳል? ቡድኑ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ታላቁን ዋንጫ አለማንሣቱን እንኳ እንደ ቤተ ዘመድ ችግር ይሸከሙታል።

ሥዕሉ ወደ ካምፑ የሚደርሰው በሳተላይት ነው። ካናዳ በ1972 ዓ.ም. ለአገር ውስጥ መገናኛ ያመጠቀችው የመጀመሪያው ሳተላይት አኒክ ይባላል፤ በሰሜኑ የኢኑይት ሕዝብ ቋንቋ ወንድም ማለት ነው። እኛም ስሙን ወደድነው። እንዲህ ያለው ሳተላይት 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ የመንገዱ ርዝመት ግማሽ ሰከንድ እንኳ አያስፈጅም፤ ነገር ግን ሥዕሉን ጠቅልለው የሚልኩትና የሚፈቱት መሣሪያዎች ጥቂት ሰከንዶች ይወስዳሉ። ስልክ ይቀድማል።

ይህን ያወቅነው ከባልንጀራችን አባት ነው። አዛውንቱ በደሴታቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቴሌቪዥናቸውን ከፍተው፣ ልጃቸውም ስልኩን ድምፁን አጉልቶ በጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ ጨዋታውን አብረው ይመለከታሉ። ስለ ሌላ ነገር ሲነጋገሩ አልሰማንም። የእርሳቸው ቴሌቪዥን በሽቦ የሚመጣ ስለሆነ ጎሉን ቀድመው እያዩ ይጮኹ ነበር፤ ልጁም ደስታው እየተበላሸበት፣ «አባባ፣ እባክዎ እስካይ ድረስ ይታገሡኝ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ አዛውንቱ ጎል ሲያዩ አፋቸውን ይዘው፣ የልጃቸውን ጩኸት ይጠብቁ ጀመር። ይሁን እንጂ ዝምታው ራሱ ነገር አወጣ፤ ስልኩ ጭልጥ ብሎ ዝም ያለ እንደ ሆነ ጎል ሊገባ መሆኑን እኛም ሳንቀር ዐወቅን፤ እየተጠቃቀስንም እንስቅ ነበር።

እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ በሁለተኛው ዕረፍት ወደ ጎንደር እንደውላለን። በአገራችን እሑድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ እናታችን ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቅዳሴ የሚወጡበት ጊዜ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ አባታችንን ስንጠይቃቸው፣ «ተኝተዋል» አሉን። አባታችን እሑድ በዚያ ሰዓት ተኝተው አያውቁም፤ ይህን እያወቅን እንዴት ሳናስተውል እንዳለፍን እስከ ዛሬ ይገርመናል። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ «እማዬ፣ አባባስ?» አልን። እናታችን ዝም አሉ።

ያን ዝምታ ከዳቦ ጋጋሪው አባት ተምረነው ነበር።

በእኛ ልማድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድና ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ ደጅ ይመታል እንጂ። በኤድመንተን ያሉ ያገራችን ሰዎች ከካምፕ የምንወጣበትን ቀን ቆጥረው ሲጠባበቁን ኖረዋል። እናታችንንም ሌላ ቃል እንዲናገሩ አላስጨነቅናቸውም፤ «ቅዳሴው እንዳያልፍዎት፣ ይሂዱ» ብለን ስልኩን ዘጋን።

ወደ አዳራሹ ስንመለስ ሦስተኛው ክፍል ተጀምሯል። ባልንጀራችን ፊታችንን አየና ምንም ሳይጠይቀን የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋ፤ ወደ ስልኩም ጎንበስ ብሎ ለአባቱ በለሆሳስ አንድ ነገር ተናገረ። ስልኩን ግን አልዘጋውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የቶሮንቶ ቡድን ጎል አገባ። በሥዕሉ ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ያለ ድምፅ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ አየን፤ በአዳራሹም ሆነ በደሴቲቱ የጮኸ ሰው አልነበረም።