በዲማ መንገድ ላይ ያነበብኩት ጨለማ

ጨለማ ልቦለድ ነፍሴ ነው። መርገምና መተት ያለበት፣ ሰው ከማያየው ኃይል ጋር የሚታገልበት ታሪክ ካገኘሁ ሳልተኛ ይነጋል። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ትልልቆቹ በናፍቆት ሲያነሡት እየሰማሁ ስላደግሁ፣ የፍቅር መጽሐፍ ብቻ አድርጌ ነበር የማስበው። ወደ ምሥራቅ ጎጃም ስነሣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

የዓባይን በረሃ ወጥተን ደጀን ስንደርስ አገሩ ድንገት ተዘረጋ! በአዲስ አበባ ፎቅና አጥር መካከል ላደገ ዓይን ይህን ያህል ሰማይ ብርቅ ነው። በየጥኖራ ዙሪያ ጤፍ፣ አሁንም ጤፍ፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ማሳው ይተኛል፣ ይነሣል። የጮቄ ተራራ በሩቁ ደመና ተከናንቧል። ይህ ፀሐይ የጠገበ ሜዳ የጨለማ ታሪክ አገር ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ከብቸና ወደ ዲማ ስናመራ ግን ከገጹ ቀና ማለት አቃተኝ። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ እንዲተርፍላቸው ለእግዚአብሔር ይሳሉታል። ልጁ ያድጋል፤ ስለቱም አብሮት ያድጋል። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ እንኳ ያ ቃል አይለቀውም። እስከ ዛሬ ባነበብኳቸው ጨለማ ልቦለዶች መርገም የሚወጣው ከጠንቋይ አፍ ነው፤ እዚህ የወጣው ከወላጅ ፍቅር ነው! ደነገጥኩ። ሰብለንስ ያሰራት ማን ነው? ጭራቅ አይደለም፤ ለዘሩ የሚመጥን ባል ያጣላት አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ነው። እውነቱን አጥርቶ የሚያየውን ካሳን ደግሞ አገሬው «ጉዱ» ይለዋል።

በዛብህ ሰብለን ያስተማረባት ዲማ ስደርስ፣ ከጊዮርጊስ ቅጥር አጠገብ ደበሎ የለበሰ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ቅኔ እየቆጠረ ነው። ወደ አንድ አዛውንት ጠጋ ብዬ፣ «አባቴ፣ የነበዛብህ አገር ይሄ ነው?» አልኳቸው።

«ሐዲስም እዚሁ ተምሯል፣ ልጄ» አሉኝ፣ የጎረቤታቸውን ልጅ እንደሚያነሡ ሁሉ።

ሐዲስ ይህን ሁሉ ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ጉልቱም ባላባቱም ገና በቦታቸው ሳሉ፣ እሳቸውም የዚያው መንግሥት ሹም ሆነው። ድፍረታቸው ይገርመኛል።

በትምህርት ቤት ለፈተና ብላችሁ ያነበባችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ እንደገና ጀምሩት፤ ከተቻለም ብቸና ላይ ሆናችሁ።