ለመጠቅለያ የሰጠሁት ደብተር

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ቤት ሳጸዳ የማዋለጃ ክፍል ማስታወሻዎቼን አገኘሁ፤ አሥራ አንድ ደብተር። የጤና ጣቢያው መዝገብ ሌላ ነው። እነዚህ የራሴ ነበሩ፤ የእናት ስም፣ ቀንና ሰዓት፣ የሕፃኑ ክብደት ያለባቸው። «ከእንግዲህ ምን ያደርጉልኛል?» ብዬ ሁለቱን ለሰፈራችን ባለሱቅ ለመጠቅለያ ሰጠሁ።

በዓመቱ አንዲት ወጣት በሬን አንኳኳች። እናቷ ሞታባታለች። «ሲስተር፣ እናቴን ያዋለዷት እርስዎ ነዎት አሉኝ። በስንት ሰዓት እንደተወለድኩ፣ ስንት ኪሎ እንደነበርኩ ማወቅ ፈልጌ ነው» አለችኝ። የእሷ ዘመን ደብተር ስኳር ተጠቅልሎበት ሄዷል። ቡና አፍልቼ ሸኘኋት። እውነቱን ግን አልነገርኳትም።

ባለፈው ዓመት ልጄ ስትወልድ ላርሳት ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ሄድኩ። አንድ ቀን ሕፃኑን በጋሪ ይዘን ሀንቴሪያን ሙዚየም ገባን። ዊሊያም ሀንተር በ18ኛው መቶ ዘመን የኖረ የማዋለድ ሐኪም ነበር፤ ስብስቡን ከነሳንቲሞቹ ለዩኒቨርሲቲው ተናዞ ሞተ። የሙያዬ ሰው ሆኖ ሳገኘው ደስ አለኝ።

የሮማ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ዘርዝረው በመጽሐፍ ያወጡት ግን ፕሮፌሰር አን ሮበርትሰን (እ.ኤ.አ. 1910–1997) ናቸው። ሳንቲሙን ይመዝናሉ፣ ጽሑፉን ያነባሉ፣ የፊቱንና የጀርባውን ሥዕል ይመዘግባሉ። ሥራው በአምስት ቅጽ ከ1962 እስከ 1982 ወጣ። ሦስቱ የታተሙት እሳቸው 65 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። በሮማውያን ዘመን ብሪታንያ ውስጥ ሰዎች ቀብረውት ሳይመለሱበት የቀረውን ገንዘብ የዘረዘሩበት ሌላው ሥራቸው ደግሞ ከሞቱ በኋላ፣ በ2000 ታተመ።

ከሮማ ሳንቲሞች አንዱ ልቤን ነካው። ንግሥት ፋውስቲና እ.ኤ.አ. በ161 መንታ ወንዶች ወለደች። ሁለቱ ሕፃናት በዙፋን ላይ ሆነው በሳንቲም ጀርባ ተቀረጹ፤ ጽሑፉም «የዘመኑ ደስታ» የሚል ነው። አንደኛው ኮሞዶስ ነው፤ አድጎ ነገሠ። ሌላኛው በአራት ዓመቱ ሞተ። ንግሥትም ብትሆን እናት እናት ናት። ያ ሕፃን በዓለም ላይ እንደነበረ ዛሬ እኔ የማውቀው አንድ ሰው ጽፎ፣ ሌላው ሳይጥል ስላቆየው ነው።

አገሬ ስመለስ ወጣቷን ፈልጌ እውነቱን ነገርኳት። ትንሽ አለቀሰች። ቆየችና «ስወለድ አልቅሼ ነበር?» አለችኝ። «ሰፈሩን ሁሉ ቀስቅሰሽው ነበር» ልላት ከጅሎኝ ነበር። ግን አላስታውስም፤ አላስታውስም አልኳት።

አሁን ማታ ማታ ከዘጠኙ ደብተሮች ላይ እያነበብኩ የልጅ ልጄ በኮምፒውተር ትጽፋለች። ሦስተኛው ላይ ደርሰናል። እናንተም አሮጌ ወረቀት ከመጣላችሁ በፊት የሚጠይቃችሁ ሰው ነገ በር ያንኳኳ እንደሆነ አስቡ።