ለአባባ፣ ስለዚያ ሬዲዮ ጣቢያ

ናሽቪል፣ ቴነሲ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ?

ባለፈው በስልክ ስንጫወት «ያ ጂም ሪቭስ የዘፈነበት ጣቢያ አሁንም አለ? ለመሆኑ ዘፈን እያሰማ በምን ይተዳደራል?» ብለው ጠይቀውኝ መልስ ሳልሰጥዎ መስመሩ ተቋረጠ። በስልክ የሚያልቅ ጨዋታ ስላልሆነ ልጽፍልዎ ወሰንኩ። አዎ፣ አለ። ደብልዩ ኤስ ኤም ይባላል፤ 650 ኪሎ ኸርዝ ላይ ይገኛል። ጭነት ጭኜ ሌሊቱን ስነዳ የማዳምጠው እሱን ነው።

መተዳደሪያውን ስነግርዎ ይስቃሉ። ጣቢያውን የከፈተው ናሽናል ላይፍ የሚባል የኢንሹራንስ ኩባንያ ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 5 ቀን 1925። የኩባንያው ዋና ደንበኛ ሀብታም አልነበረም። ሠራተኞቹ በየሳምንቱ ቤት ለቤት እየዞሩ ከድሃው ሳንቲም ይለቅማሉ፤ ያ ሳንቲም ሲታመም መታከሚያ፣ ሲሞት መቀበሪያ ይሆነዋል። እድር በሉት፣ ትርፉ ወደ ባለ አክሲዮኖች ኪስ የሚገባ እድር። ከኩባንያው መሥራቾች የአንዱ ልጅ ኤድዊን ክሬግ የሬዲዮ ፍቅር ነበረበትና፣ ማስታወቂያ ይሆነናል ብሎ ሽማግሌዎቹን አሳመነ። ደብልዩ ኤስ ኤም የሚሉት ፊደላት ራሳቸው የኩባንያው መፈክር ምህጻር ናቸው።

ከዚያ ጆርጅ ሄይ የሚባል አስተዋዋቂ ከቺካጎ አስመጡ። ሰውየው ራሱን «ዳኛው» ብሎ ነበር የሚያስጠራው፤ ግን ዳኛ ሆኖ አያውቅም፤ የፍርድ ቤት ወሬ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ነበር፤ ዕድሜውም ገና ሠላሳ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 28 ቀን ማታ አንክል ጂሚ ቶምሰን የሚባሉ የ77 ዓመት አዛውንት ቫዮሊናቸውን አስይዞ ማይክሮፎን ፊት አስቀመጣቸው። የገጠር ሙዚቃ በዚህ ጣቢያ ሥር የሰደደው ከዚያች ምሽት ጀምሮ ነው። የናሽቪል ትልልቅ ሰዎች ከተማቸውን «የደቡብ አቴንስ» እያሉ የሚኩራሩ ነበሩና የባላገር ጫጫታ ስማችንን ያጠፋል ብለው አጉረመረሙ። ኩባንያው ግን ሒሳቡን ያውቃል። ቅዳሜ ማታ ያንን ሙዚቃ የሰማ ቤተሰብ ሰኞ የኢንሹራንሱ ሰውዬ ሲያንኳኳ በሩን ይከፍትለታል።

አሁን እርስዎ የሚወዱት ጋ ደረስኩ። ማሰራጫውን በ1932 ወደ 50 ኪሎ ዋት ሲያሳድጉ ብሬንትዉድ በምትባል ከናሽቪል በስተደቡብ ባለች ከተማ አንድ ምሰሶ አቆሙ። 878 ጫማ፣ ማለትም 268 ሜትር ገደማ ነው። ከአውራ ጎዳናው ሆኖ ይታያል፤ ባለፍኩ ቁጥር ፍጥነቴን ቀነስ አደርጋለሁ። ቅርጹ እንግዳ ነው፤ ወገቡ ሰፊ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም እየቀጠነ የሚሄድ። ያ ሁሉ ብረት ከታች ያረፈው በአንዲት የሸክላ ኢንሱሌተር ላይ ነው፤ ወገቡን ይዘው ያቆሙት ገመዶች ናቸው። አንቴና የተሰቀለበት ምሰሶ እንዳይመስልዎ፤ ምሰሶው ራሱ ነው አንቴናው። በኋላ ግን አንድ ችግር ታየ። ቁመቱ ስለበዛ መሬት ለመሬት የሚሄደው ሞገድና ሰማይ ነክቶ የሚመለሰው ሞገድ ጣቢያው መድረስ በሚገባው ዳርቻ ላይ ተገናኝተው እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ስለዚህ ወደ 808 ጫማ አሳጠሩት። ረጅሙን ቆርጠው ሩቅ ደረሱ! ለሱቅዎ ልጆች ይንገሩልኝ፣ ያለ ስዕል የሚገባቸው ካለ።

መካከለኛ ሞገድ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሩቅ እንደሚሄድ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እዚህ መንግሥት ለጥቂት ጣቢያዎች ማታ ማታ ሌላ እንዳይገባባቸው ሞገዱን ሰፋ አድርጎ ጠብቆላቸዋል፤ ይህም ከነሱ አንዱ ነው። ከቴነሲ ወጥቼ ስንት ስቴት አቋርጬ ሳለሁ ዘፈኑ እየራቀ እየቀረበ ይመጣል፤ መብረቅ ካለ ይንጫጫል፤ ኤፍኤሙ ግን ገና ድሮ ጠፍቷል። በ1930ዎቹ ደግሞ ከምሰሶው አጠገብ በሚያልፈው ሐዲድ ዳር ማይክሮፎን አቁመው ፓን አሜሪካን የሚባለው ባቡር ሲያፏጭ በቀጥታ ያስተላልፉ ነበር። ባቡር ማስተላለፍ! እኔ በዚያ ዘመን ብኖር እሱን ሳልሰማ እራት አልበላም ነበር።

ስለ ባቡር ካነሳሁ ዲፎርድ ቤይሊን ሳልነግርዎ አላልፍም፤ ከዚህ ጣቢያ ታሪክ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ጥቁር ነው፤ ቴነሲ ገጠር ተወልዶ በልጅነቱ ፖሊዮ የመታው፣ ቁመቱ ያጠረ ሰው። አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ በአፍ ሃርሞኒካ የባቡር ድምፅ ማስመሰል ለመደ። ሲጫወተው ባቡሩ ከሩቅ ይመጣል፣ አጠገብዎ ደርሶ ያልፋል፣ ይርቃል። በ1927 ዲሴምበር «ዳኛው» የቅዳሜውን ፕሮግራም ግራንድ ኦል ኦፕሪ ብሎ ስም ያወጣለት እለት፣ ሃርሞኒካውን ይዞ የተጫወተው እሱ ነበር። ለዓመታት ከዋነኞቹ ተወዳጆች አንዱ ሆነ። ከነጮቹ ጓደኞቹ ጋር ሲዞር ሕዝብ የሚሰበስበው የሱ ስም ነው፤ ሆቴሉና ምግብ ቤቱ ግን አያስገባውም።

በ1941 የዜማ ባለቤትነት ክፍያ ላይ በሬዲዮ ጣቢያዎችና በደራሲዎች ማኅበር መካከል የነበረው ጠብ ከረረ፤ የታወቁት የቤይሊ ዜማዎች ከአየር ታገዱ። በዚያው ዓመት አባረሩት። ሄይ በኋላ ሰነፍ ነው፣ አዲስ ዜማ አይማርም ብሎ ጻፈበት። እኔ አላምነውም፤ ሕዝብ የሚጠይቀውን ተጫወት ሲሉት የኖሩት እነሱው ናቸው። ቤይሊ እዚያው ናሽቪል ሊስትሮ ሆኖ ኖረ፤ የራሱ ጫማ ማስዋቢያ ሱቅ ነበረችው። በ1982 አረፈ። የካንትሪ ሙዚቃ ታላላቆች መዝገብ ላይ ስሙን ያሰፈሩት በ2005 ነው።

ጂም ሪቭስዎ ወደ ኦፕሪ የገባው በ1955 ነው። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ የሚተላለፈው ራይማን ከሚባል፣ መጀመሪያ ለስብከት ከተሠራ አዳራሽ ነበር፤ ከ1943 እስከ 1974 እዚያ ቆዩ። ሪቭስ በ1964 ጁላይ ትንሽ አውሮፕላን ራሱ ሲያበር ዝናብ ውስጥ ገብቶ ጫካ ውስጥ ወደቀ። የወደቀው እዚያው ብሬንትዉድ አጠገብ ነው፤ ይህን አላውቅም ነበር፣ ሳነብ ደነገጥኩ።

የኢንሹራንስ ኩባንያው ዛሬ ጣቢያው ላይ የለም፤ ባለቤት ተለዋወጠ። በ2001 መጨረሻ ግድም የነበሩት ባለቤቶች ዘፈኑን ትተው የስፖርት ወሬ ሊያደርጉት አሰቡ። አድማጩ ተቆጣ፤ ዘፋኞቹም አብረው ጮኹ፤ ሐሳቡ ቀረ። በ2010 ሜይ ደግሞ ኩምበርላንድ ወንዝ ሞልቶ የኦፕሪውን መድረክ ከአንድ ሜትር በላይ በውሃ ሸፈነው። ስቱዲዮውም ስለተጥለቀለቀ ሠራተኞቹ ብሬንትዉድ ምሰሶው ሥር ካለችው የማሰራጫ ቤት ሆነው አየር ላይ ቆዩ። ይህን ሲሰሙ ደስ እንደሚልዎ አውቃለሁ፤ ማሰራጫው ደህና ከሆነ ሬዲዮው ደህና ነው ይሉ ነበር።

አሁን በኢንተርኔትም ስለሚተላለፍ ከቤት አንዱ ሰው በስልኩ ያውጣልዎት። ኦፕሪው አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይጀምራል፤ እናንተ ጋ እንደ ወቅቱ እሑድ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ይሆናል፤ ለቅዳሴ የሚነሱበት ጊዜ አይደል? እያዳመጡ አርፍደው ቢገቡ ግን ለእማማ እኔ ነኝ ያስለመድኩት እንዳይሉብኝ። የጉልበትዎን መድኃኒት በሚመጣ ሰው እልካለሁ፤ የመድኃኒቱን ስም በትክክል ጽፈው ይላኩልኝ።

የሚወድዎ ልጅዎ